የጀማሪው ኮምፒውተርና የሌሎች ውሳኔ፦ የሊኑክስ ሥርጭቶች ታሪክ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ ያነሰ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ በቤቱ አንድ ኮምፒውተር ያለው፣ ሙያው ግን ኮምፒውተር ያልሆነ ሰው፣ ከክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወናዎች መካከል የትኛውን ይምረጥ? ጥያቄውን አንገብጋቢ ያደረገው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ገና በደንብ የሚሠሩ እጅግ ብዙ ማሽኖች ከደጅ ቀርተዋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከውጭ መጥቶ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት እንደኛ ባለ ገበያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለብዙ ቤተሰብ ያ ላፕቶፕ በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ነው።

እኔ የታሪክ ሰው እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ስለዚህ "ይህን ጫኑ" ብዬ ከመጀመር ይልቅ፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት "ለጀማሪ የሚሆን" ተብለው የወጡት ስርዓቶች ምን እንደ ነበሩና ምን እንደ ደረሰባቸው መመርመሩን መርጫለሁ። ከዚህ ምርመራ የያዝሁት አቋም እንዲህ የሚል ነው፦ ቀላል የምንለው ስርዓት ውሳኔ የሌለበት ስርዓት አይደለም፤ ውሳኔውን ሌላ ሰው ቀድሞ የወሰነልን ስርዓት ነው። ስለዚህም መራጩ ከመልኩና ከፍጥነቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ማን እንደ ወሰነለት፣ ያም ወሳኝ ከአምስት ዓመት በኋላ በቦታው ይገኝ እንደ ሆነ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ጀማሪን ያሰበ አልነበረም። በ1983 አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊያየው፣ ሊቀይረውና ሊያካፍለው የሚችል የተሟላ ስርዓት እንደሚሠራ አስታወቀ። በኦገስት 1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በትርፍ ጊዜው የጀመረውን ከርነል ለሙያ ጓደኞቹ አበሰረ፤ በ1992ም ስቶልማን ባዘጋጀው ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ሥር አዋለው። ሆኖም ሞተር ብቻውን መኪና እንዳልሆነ ሁሉ፣ ከርነል ብቻውን ለቤት ተጠቃሚ ምንም አይፈይድም። ከርነሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰባስቦ፣ አስማምቶና መጫኛ አበጅቶ የሚያቀርብ አካል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ጥቅል "ሥርጭት" እንለዋለን። የዛሬው ታሪኬም የሥርጭቶች ታሪክ ነው።

በ1993 ሁለት ታላላቅ ሥርጭቶች ተወለዱ፤ አንዱ የፓትሪክ ቮልከርዲንግ ስላክዌር፣ ሌላው የኢያን መርዶክ ዴቢያን። ሁለቱም እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። የመጀመሪያው ስላክዌር በ24 ፍሎፒ ዲስኮች የሚገለበጥ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ከተበላሸ ሥራው ሁሉ ይሰናከላል። ዲስኮቹ ደኅና ቢሆኑም እንኳ ሥዕላዊውን ገጽታ ለማስነሣት ተጠቃሚው የሞኒተሩን የአግድምና የቁም ፍሪኩዌንሲ በቁጥር እንዲያስገባ ይጠየቅ ነበር፤ የተሳሳተ ቁጥር ሞኒተሩን ሊጎዳ እንደሚችልም መመሪያዎቹ ያስጠነቅቃሉ። ልብ በሉ፣ የዚያ ዘመን ስርዓት ለተጠቃሚው ያልሰጠው ምርጫ አልነበረም። ለጀማሪ ግን መልሱን የማያውቀው ምርጫ ወጥመድ እንጂ ነፃነት አይደለም።

ይህን በግልጽ ካዩት ሰዎች አንዱ ማቲያስ ኤትሪክ የተባለ የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በኦክቶበር 1996 ባሠራጨው መልእክት ኬዲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ የመሥራት ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ያሰበው ለስርዓት አስተዳዳሪው ሳይሆን ለተራው ተጠቃሚ እንደ ሆነ ገልጾ ነበር። የኬዲኢ የመጀመሪያ እትም በጁላይ 1998 ወጣ። በዚያው ወር ጋኤል ዱቫል የተባለ ፈረንሳዊ ወጣት ሬድ ሃት 5.1ን ወስዶ፣ ኬዲኢን ጨምሮበት ማንድሬክ ብሎ አወጣው። ሬድ ሃት ራሱ ኬዲኢን አላካተተም ነበር፤ ኬዲኢ የተገነባበት ኪውት የተባለው መሣሪያ ፈቃዱ በነፃ ሶፍትዌር ወገኖች ዘንድ ነፃ አይባልም ነበርና። ክርክሩ የመርሕ ነው፤ እኔም አልንቀውም። ነገር ግን መርሑ እስኪጣራ የቤት ተጠቃሚው በጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ዱቫል አላስጠበቀውም።

በማንድሬክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የታሪካችን ጥሩውም ክፉውም በእሱ ላይ ይታያልና። ለጥቂት ዓመታት "ሊኑክስን ልሞክር" ለሚል ሰው ከሚጠሩት ስሞች ግንባር ቀደሙ ነበር። መጫኛው በማውስ ይሠራል፣ ዲስኩን ይከፋፍላል፣ ቋንቋ ያስመርጣል። ኩባንያው ግን በጃንዋሪ 2003 በፈረንሳይ ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠየቀ። በ2004 ከዚያ ወጣ፤ በ2005 ኮኔክቲቫ ከተባለው የብራዚል ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ማንድሪቫ ሆነ። ስሙን ለመቀየር ያስገደደው ሌላም ምክንያት ነበር፤ "ማንድሬክ" በሚል የሚታወቅ የሥዕላዊ ታሪክ ጠንቋይ ስለ ነበረ የባለመብቱ ክስ አላስቆመውም። በ2006 መሥራቹ ዱቫል ራሱ ከሥራ ተሰናበተ። በ2010 ሠራተኞቹና ማኅበረሰቡ ተገንጥለው ማጂያ የተባለውን ሥርጭት መሠረቱ፤ በ2015 ኩባንያው ፈርሶ ሒሳቡ ተጣራ። በ2001 ማንድሬክን በቤቱ የጫነ ሰው ምርጫው በቴክኒክ ትክክል ነበር። ያላየው ነገር ከጀርባ ያለውን ቤት ነው።

የኮሬል ኩባንያ ዕጣም ከዚህ አይለይም፤ በ1999 መጨረሻ ሥርጭት አውጥቶ በ2001 ለሌላ ሸጠው። ሊንዶውስ የተባለውም ከስሙ የተነሣ ከማይክሮሶፍት ጋር ተካሶ፣ በ2004 20 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ስሙን ለወጠ፤ እሱም ብዙ አልቆየም።

ከገንዘብ ውጭ የሆነ አንድ ታላቅ እርምጃ ከጀርመን መጣ። ክላውስ ክኖፐር በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ ምንም ሳይጫን ከሲዲ ብቻ የሚነሣ ስርዓት ነበር። ማሽኑን ከሲዲው ታስነሣለህ፣ ካርዶቹን ራሱ ይለያል፣ ሲዲውን ስታወጣ ኮምፒውተሩ እንደ ነበረ ይመለሳል። ለእኔ ከመልካም ገጽታ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ጀማሪውን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ፋይሎቹን ማጣት ነውና፣ ክኖፒክስ ከውሳኔ በፊት መሞከርን ሰጠው። ዛሬ ሲዲው በፍላሽ ተተክቷል፤ ብልሃቱ ግን ያው ነው።

ኡቡንቱ የተነሣው እነዚህን ሁሉ ትምህርቶች ይዞ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ታውት የተባለውን ኩባንያውን በ1999 ሸጦ ባለጸጋ ሆኖ፣ በ2002 በራሱ ወጪ ወደ ጠፈር ተጉዞ ተመልሶ፣ በኦክቶበር 2004 የመጀመሪያውን ኡቡንቱ አወጣ። መሠረቱ ዴቢያን ነው። የዚያን ጊዜው ዴቢያን አዲስ እትም ለማውጣት ሦስት ዓመት ያህል ሲፈጅ፣ ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ እንደሚያወጣ ቃል ገባ። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቅነሳው ነው። ሥርጭቶቹ በብዙ ሲዲ አምስት የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ ስድስት የድር መቃኛ ይዘው በሚመጡበት ዘመን፣ ኡቡንቱ በአንድ ሲዲ ለአንድ ሥራ አንድ ፕሮግራም ብቻ መርጦ አቀረበ። ይህ ትሕትና የሚመስል ትልቅ ሥልጣን ነው።

ሲዲውንም በነፃ ወደ የትኛውም አገር በፖስታ ይልክ ነበር፤ ይህም እስከ 2011 ቀጠለ። 700 ሜጋባይት ማውረድ ሌሊቶችን በሚፈጅበት አገር የፖስታው መንገድ ትርጉም ነበረው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ላስገባ። ሊኑክስ በውጭ አገር የሚወደስበት ዋና ክርክር፣ ማለትም "ዋጋ የለውም" የሚለው፣ በእኛ ዘንድ ብዙም አልሠራም፤ በጥገና ሱቆቻችን ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ዊንዶውስም ቢሆን ዋጋው የጫኚው የእጅ ዋጋ ብቻ ነበርና። ለኛ ሰው የሚሰማ ክርክር ሌላ ነው፦ ማሻሻያ ያለ ስጋት መቀበል፣ ደግሞም ፎልደሮችን ወደ አቋራጭ እየለወጠ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ከኖረው ቫይረስ መገላገል። ያ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ በሊኑክስ ላይ አይነሣም።

ወሳኙ ሰው ግን ሁልጊዜ ለኛ ብቻ አይወስንም። በ2011 ኡቡንቱ የለመዱትን ዴስክቶፕ ትቶ ዩኒቲ የተባለውን አዲስ ገጽታ ነባሪ አደረገ። በኦክቶበር 2012 ደግሞ ተጠቃሚው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ፋይል ሲፈልግ የፍለጋ ቃሉ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ሄዶ የአማዞን ሸቀጦች ከውጤቱ ጋር ይዘረዘሩ ጀመር። ስቶልማን ድርጊቱን ስለላ ብሎ በይፋ አወገዘው፤ በ2016 እትም ነባሪ መሆኑ ቀረ። ዩኒቲም በ2017 ተተወ። ጀማሪው ይህን ማጥፊያ የት እንዳለ አያውቅም፤ እምነቱን የሰጠው እንዳይፈልገው ነበርና።

በዚህ ቅሬታ ያደገው ሊኑክስ ሚንት ነው። ፈረንሳዊው ክሌመንት ለፌቭር በ2006 ሲጀምረው የኡቡንቱን መሠረት ይዞ፣ ኡቡንቱ በፓተንት ምክንያት ያላካተታቸውን የሙዚቃና የፊልም ማጫወቻ ክፍሎች አሟልቶ ያቀርብ ነበር። ከ2011 በኋላ ከታች የተግባር አሞሌ፣ በግራ ጥግ ምናሌ ያለውን የለመድነውን መልክ ጠብቆ ሲናመን የተባለውን ዴስክቶፕ ሠራ። ኡቡንቱ አንድ ቀን ቢጠፋ ወይም መንገድ ቢስት በቀጥታ በዴቢያን ላይ የቆመ ተጠባባቂ እትምም አለው። ሚንትም ፍጹም አይደለም። በፌብሩዋሪ 2016 ድረ ገጹ ተሰብሮ፣ ለአጭር ጊዜ የጀርባ በር የተቀበረበት የመጫኛ ፋይል ለአውራጆች ቀርቦ ነበር። አዘጋጆቹ ወዲያው በይፋ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል፤ የወረደን ፋይል ማረጋገጫ ቁጥር ማመሳከር ግን ከዚያ ወዲህ የጀማሪም ግዴታ ነው።

ስለ ፊደላችን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ለአማርኛ ተጠቃሚ "ቀላል" የሚለው ቃል የሚፈተነው እዚህ ነው። ግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሠሪ የራሱን ኮድ ይጠቀም ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ማሽን የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዛሬ በኡቡንቱም በሚንትም አማርኛ ያለ ችግር ይነበባል። ለመጻፍ ግን የግቤት ዘዴን ከቅንብሩ ገብቶ መጨመር ያስፈልጋል። ከዘዴዎቹ አንዱ በላቲን ፊደላት ድምፁን ስትጽፉለት ወደ ፊደል የሚመልስ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛ ስያሜው ምህጻር "ሴራ" ተብሎ መነበቡ ለአማርኛ ጆሮ ሳያስፈግግ አይቀርም። የምናሌዎቹ የአማርኛ ትርጉም ግን የተሟላ አይደለም፤ እንግሊዝኛ ለማያነብ እናት ወይም አባት ኮምፒውተሩን የምታዘጋጁ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ እወቁት።

እንግዲህ ምርጫው? ከታሪኩ ተነሥቼ ስናገር፣ አራት ጊጋባይት ራም ላለው የቤት ኮምፒውተር ሚንትን ከሲናመን ጋር፣ ከዚያ ለሚያንሰው ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል እትሙን እመርጣለሁ። ከሥሩ ኡቡንቱ፣ ከኡቡንቱም ሥር በበጎ ፈቃደኞች የቆመው ዴቢያን ስላለ፣ የላይኛው ቢናድ የታችኛው ይቀራል። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ወይም በአውቶካድ የሚነድፍ ሰው ግን ዊንዶውሱን ባይነካ ይሻለዋል፤ ለእነዚያ ፕሮግራሞች አስተማማኝ መተኪያ የለምና። ሌሎቻችሁ ስርዓቱን በፍላሽ አስነሥታችሁ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን፣ ላፕቶፑም ከእንቅልፍ መነሣቱን ለአንድ ሁለት ቀን ፈትሹ። ፎቶግራፎቻችሁንና ሰነዶቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ሳትገለብጡ ግን በስክሪኑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት አትንኩ። የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።