ከምድጃ እንጨት የተጠረበው ጊታር

እ.ኤ.አ. በ1963 ከሎንዶን በስተምዕራብ በፌልተም የሚኖረው የ16 ዓመቱ ወጣት ብራያን ሜይ፣ በዚያ ዘመን እጅግ የተወደደውን የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት የቤተ ሰቡ ገቢ ስላልፈቀደለት፣ የኤሌክትሮኒክስ ሊቅ ከነበሩት ከአባቱ ከሃሮልድ ጋር ሆኖ መሣሪያውን በተግባረ እድ ሊሠራው ቆረጠ።

አንገቱን የጠረበው ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ የምድጃ ማስጌጫ ማሆጋኒ ሲሆን፣ ነቀዝ የበሳውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈነው፤ ለጣት ምልክት የሚሆኑትንም የዛጎል ቁልፎች ከእናቱ የስፌት ሣጥን ወሰደ።

ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን ድምፁን የሚያርገበግበው ክፍል ነው። አውታሮቹ የታሰሩበትን ብረት በስለታም ጠርዝ ላይ አሳርፎ እንዲወዛወዝ ካደረገ በኋላ፣ ውጥረታቸውን የሚመክቱ ሁለት ሞላዎች ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ቫልቭ አመጣ፤ በእጅ የሚጫነውም ዘንግ የብስክሌት ቦርሳ መያዣ ብረት ነበር፤ ጫፉም ከሹራብ መሥሪያ መርፌ ተቆረጠ። ይህ ሁሉ ከገንዘብ እጥረት ብቻ የመነጨ አይመስለኝም፤ ሰበቃ በበዛበት መሣሪያ ላይ አውታር ወደ ቅኝቱ እንደማይመለስ አባትና ልጅ አስቀድመው ተመራምረው ነበርና።

ማግኔትና ሽቦ ጠምጥሞ የሠራቸው ድምፅ ተቀባዮች፣ አውታሩ ወደ ጎን ሲሳብ ድምፁን ስላበላሹበት፣ በርንስ ከሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ሦስት ገዝቶ ተካቸው።

ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2002፣ በንግሥት ኤልሣቤጥ ወርቃማ ኢዮቤልዩ፣ በኋላ ዝነኛ የጊታር ተጫዋች የሆነው ሜይ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ቆሞ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር ያሰማው በዚሁ ጊታር ነው።