የታንኳ ጉዞ ቢላዋ

የታንኳ ጉዞ ቢላዋ በታንኳ፣ በካያክ ወይም በጎማ ጀልባ ወንዝ ወይም ሐይቅ ላይ ለሚጓዝና ማታ ዳር ላይ ድንኳን ተክሎ ለሚያድር ሰው በልክ ታስቦ የሚሠራ ቢላዋ ነው። ከወጥ ቤት ቢላዋ የሚለየው እርስ በርስ የማይስማሙ ሁለት ሥራዎች ስላሉት ነው። ውሃ ላይ ገመድ ይቆርጣል፤ የብስ ላይ ዓሣ ይበልታል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ችካል ይቀርጻል። የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የንድፉ ዋና ጥያቄ ቢላዋው ምን ያህል ያምራል ወይም ምን ያህል ይቆርጣል የሚለው ሳይሆን፣ ከሁለቱ ሥራዎች ለየትኛው ያዳላል የሚለው ነው።

ጽሑፉ ጉዳዩን በምሳሌነት የሚያየው ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አኳያ ነው። ደጋው ብረት የሚቀጠቀጥበት አገር ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ቆላ ደግሞ የዓባይ ነው።

ወንዙና ተጓዡ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳው በደቡብ ምዕራብ ከጎጃም የሚለየው በዓባይ ነው፤ ከደጋው እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የበሽሎና የወለቃ ወንዞችም የወሎን ውሃ ሰብስበው ወደ ዓባይ ያስገባሉ። ዛሬ ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ ዓባይን በድልድይ ይሻገራል። ከድልድይ በፊት ግን መሻገሪያው ዋና፣ የተነፋ ስልቻና ገመድ ነበር። ከዚህ ወደ ላይ በሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ መካከሉ ፈርሶ በቆየባቸው ዓመታት መንገደኛው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ከዳር ወደ ዳር በሰው ጉልበት ይሳብ ነበር።

ታንኳ በአማራ ክልል የታወቀው በጣና ሐይቅ ነው። የጣና ታንኳ ከደንገል ታስሮ ይሠራል፤ በዚህ ሙያ በተለይ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ በመሆኑም ቆርጦ ማሰርና ፈትቶ እንደገና መሥራት የታንኳው የዘወትር ኑሮ ነው። ስለት ያለው መሣሪያ እዚያ የጉዞ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ጀልባውን የሚሠራውም እሱ ነው።

በዓባይ ሸለቆ በጀልባ የተደረጉት ጉዞዎች ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ማክሚላን ይዟቸው የመጣው የብረት ጀልባዎች ብዙ ሳይጓዙ ተሰባበሩ። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የወንዙን አካሄድ ያጠናው ከዳር ሆኖ በበቅሎ ነበር፤ ትልቁ መታጠፊያ በካርታ ላይ በትክክል የተሣለው በእርሱ ሥራ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ጦር ቡድን የጎማ ጀልባዎችንና የአሉሚኒየም የጦር ጀልባዎችን ይዞ ሸለቆውን ተጓዘ። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስካቱሮና ብራውን ከዓባይ ተነሥተው እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ። ወንዙ አዞና ጉማሬ አለበት፤ በክረምት ደግሞ ሞልቶና አፈር ተሸክሞ ይወርዳል፤ ያኔ በታንኳ የሚደፈር አይደለም። ለጀማሪ የሚሆነው እንደ ሐይቅና ጣና ያለ የረጋ ውሃ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ገመድ

በታንኳ ላይ ገመድ በየቦታው አለ፤ ጓዝ ማሰሪያው፣ ጀልባ መጎተቻው፣ ለሰጠመ ሰው የሚወረወረው። ታንኳው ሲገለበጥ እነዚህ ገመዶች ይፈታሉ፤ ወራጅ ውሃ ውስጥም የተፈታ ገመድ እግር ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ይጠመጠማል። ገመዱ አንድ ቦታ ከተያዘ ውሃው ሰውየውን ወደ ታች እየገፋ ይደፍቀዋል። ይህ ከሆነ በኋላ ቋጠሮ መፍታት የማይታሰብ ነው፤ ያለው መፍትሔ መቁረጥ ብቻ ነው።

የተወጠረ ገመድ ስል ነገር ገና ሲነካው ይበጠሳል፤ በኃይል ተስፈንጥሮም ይመለሳል። አስቸጋሪው የላላው ነው። የላላ፣ እርጥብና ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ከለስላሳ ስለት ሥር ይንሸራተታል። ለዚህ ሲባል ከእጀታው አጠገብ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆነው የስለቱ ክፍል እንደ ማጭድ ጥርስ ይወጣለታል። ጥርሱን በአንድ ጎን ብቻ ማውጣት ይበቃል፤ በሦስት ማዕዘን ሞረድ መልሶ ለመሳልም ይቀላል። ሙሉ ስለቱን ጥርስ ማድረግ ግን ስሕተት ነው፤ ሥጋ ይቦጫጭራል፣ እንጨትም አይልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጫፉ ነው። በሞገድ መካከል በሚንቀጠቀጥ እጅ የተያዘ ሹል ቢላዋ ገመዱን ስቶ ጭኑን ወይም የጎማ ጀልባውን ይወጋል። ስለዚህ ለነፍስ ማዳን ብቻ የሚሠሩ ቢላዋዎች ጫፋቸው ዱልዱም ነው። ለሁለቱም ሥራ አንድ ቢላዋ ብቻ ለሚይዝ ሰው የሚሻለው መካከለኛው ቅርጽ ነው፤ ስለቱ ቀጥ ብሎ ይሄድና ጀርባው ወደ ጫፉ ሲቃረብ ጎብጦ ወደ ስለቱ ይወርዳል። በዚህ ቅርጽ የዓሣ ሆድ መሰንጠቅ ትንሽ ያስቸግራል፤ አምባዛና ቆሮሶ ግን በትዕግሥት ይበለታሉ። ጩቤ መሳይ፣ በሁለት በኩል የሳለ ቢላዋ ለታንኳ የሚመች አይደለም።

መጠንና የጀርባው ሥራ

10 ወይም 11 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስለት ይበቃል። ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለመላግም ለመክተፍም ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ሲወፍር ቲማቲም ይጨፈልቃል። ብዙ ሰው ለጫካ ጉዞ ገጀራ የሚያክል ቢላዋ ያዝዛል። እዚህ ግን እንጨት መቁረጥ የመጥረቢያ ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው። ደጋ ላይ የሚያድር ሰው ማብሰያ ይዞ መሄድ አለበት፤ ቢላዋው ችካል ከቀረጸና ቆርቆሮ ከከፈተ ሥራውን ፈጽሟል።

የቢላዋው ጀርባ ተሞርዶ ጠርዙ በቀኝ ማዕዘን (90 ዲግሪ) እንደ ሹል ጥግ ከቀረ እሳት መጫሪያ ይሆናል። ይህ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ ክብሪት ሳይስፋፋ በፊት በቡላድና በባልጩት እሳት የሚጫረው በዚሁ መንገድ ነበር።

ብረቱ

እዚህ ላይ አሳቢው ከሁለት ነገር አንዱን ይመርጣል፤ የማይዝግ ብረት ወይም በቀላሉ የሚሳል ብረት።

ብረት የማይዝገው ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ሲኖረው ነው። በፋብሪካ የሚሠሩ የጀልባ ቢላዋዎች አብዛኛዎቹ ከዚህ ዓይነት ናቸው። ጉዳቱ በከሰል ምድጃና በዓይን ግምት በደንብ አለመጠንከሩ ነው፤ ሙቀቱን በዲግሪ የሚቆጣጠር ምድጃ ይፈልጋል። የአገር ቤት ቀጥቃጭ ያለው ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ነው። በእነዚህ የሚሠራው ምርጥ ብረት የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ ለስለት የሚበቃ ነው፣ ሲመታም በቀላሉ አይሰበርም። ይዝጋል፤ ይህ ግን የሚታከም በሽታ ነው። ስለቱ የማይጠነክር ብረት መድኃኒት የለውም።

የግንባታ ፌሮ ለቢላዋ አይሆንም። ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ምንም ቢሞቅና ቢነከር አይጠነክርም፤ ስለቱ በመጀመሪያው ቀን ይታጠፋል። ልዩነቱን ለማወቅ ከብረቱ ጫፍ ትንሽ ቆርጦ እስኪቀላ ማሞቅና ዘይት ውስጥ መንከር ነው። ሲበርድ ሞረድ ላዩ ላይ ተንሸራትቶ ካለፈ ጠንክሯል፤ ሞረዱ ከነከሰው ብረቱ ለሌላ ሥራ ይዋል። ይህን ሙከራ ደንበኛውም አጠገቡ ቆሞ ማየት ይችላል።

ቀጥቃጩ ቅርጹን ካወጣ በኋላ ቢላዋው ይሞቃል። ማግኔት የማይስበው ደረጃ ሲደርስ፣ ይህም 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ጥቂት ተጨምሮበት ሞቅ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ባሌስትራን ውሃ ውስጥ መንከር ሊሰነጥቀው ይችላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በየቦታው በርካሽ ቢገኝም ጭሱ ጤና ይጎዳል። ከተነከረ በኋላ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ 200 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ማቆየት ያስፈልጋል፤ ሁለት ጊዜ ቢደገም ይመረጣል። በቤት ውስጥ የዳቦ ምድጃ ይሠራል። ምድጃ የሌለው ቀጥቃጭ ብረቱን ወልውሎ በቀስታ ያሞቀውና ገጹ የገለባ ቢጫ ሲመስል ያቆማል። ይህን እርምጃ መዝለል በገበያ ቢላዋ ላይ የሚታየው ትልቁ ጉድለት ነው፤ ቢላዋው በቀላሉ ይሰበራል።

በዓባይ ውሃ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ደለል። ደቃቅ አሸዋ ስለትን ያደነዝዛል፣ በሰንጢ መጋጠሚያ ውስጥም ገብቶ አልከፈትም ያሰኘዋል። በአንድ እጅ መከፈት ያለበት ሰንጢ ሳይከፈት ከቀረ ጌጥ ነው። ለወንዝ የማይታጠፍ ቢላዋ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እጀታ

ብረቱ ሳይቀጥን እስከ እጀታው መጨረሻ መድረስ አለበት። በገበያ የሚታየው አሠራር ብዙውን ጊዜ ቀጭን ጅራት እንጨት ውስጥ የሚያስገባ ነው፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲደርቅና ደግሞ ሲርስ ይላላል፣ ስለቱም ይወልቃል። ሁለት የእንጨት ሉሕ ግራና ቀኝ አድርጎ በናስ ሚስማር መምታት ይበልጥ ይቆያል። ወይራ ጠንካራና ለስላሳ ስለሆነ ለእጀታ የታወቀ ነው፤ ዋንዛ ቀለል ይላል፣ ግን ቶሎ ይጨረመታል። እንጨቱ በተልባ ዘይት ደጋግሞ ቢታሽ ዘይቱ በአየር ደርቆ ውሃ ይከላከላል። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ አይገባም፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል።

አንዳንዶች ቢላዋው እንዲንሳፈፍ ይፈልጋሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ብረቱ 120 ግራም ቢሆን ይዘቱ 15 ሴ.ሜ. ኩብ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን 105 ግራም የሚሸከም ቡሽ ወደ 130 ሴ.ሜ. ኩብ መሆን አለበት። 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው እጀታ ይህ ማለት ዲያሜትሩ 4 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ነው፤ ለብዙ እጅ ወፍራም ነው። በፈጣን ወንዝ ላይ ደግሞ የተንሳፈፈ ቢላዋም ቢሆን ከባለቤቱ ቀድሞ ይሄዳል። ለሐይቅ ሊያስኬድ ይችላል፤ ለወንዝ ግን ብርቱካንማ ቀለም ያለው እጀታና ጥሩ አፎት ይሻላል። ቢላዋውን ከሰውነት ጋር በረጅም ገመድ ማሰርም አይመከርም፤ ከገመድ ሊያድን የተሠራ መሣሪያ ራሱ ሌላ ገመድ ይዞ መምጣት የለበትም።

አፎትና አያያዝ

የቆዳ አፎት በደረቅ አገር ለዘመናት አገልግሏል። ውሃ ላይ ግን ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ቢላዋውም በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ለጉዞው ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ፣ ከታች ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ያለው አፎት ይመረጣል። ከውኃ ቱቦ ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሶ መሥራት ይቻላል፤ ሥራው ግን ነፋስ በሚገባበት ቦታ መሆን አለበት፤ ፕላስቲኩ ከተቃጠለ መርዛማ ጭስ ያወጣል። አፎቱ ተገልብጦ ሲራገፍ ቢላዋውን መልቀቅ የለበትም። ቦታው የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ደረት ነው፤ ቀኝም ግራም እጅ ሊደርስበት ይገባል። ቀበቶ ላይ የታሰረ ቢላዋ ከጃኬቱ ሥር ይደበቃል፣ ጓዝ ውስጥ ያለው ደግሞ ሲገለበጡ አብሮ ይሄዳል።

ማታ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት የምግብ ዘይት ይቀባል። ስለቱ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ ሆኖ በመሳያ ድንጋይ ይሳላል።

ለቀጥቃጭ ሲታዘዝ

በወሎ ደጋም እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ የሚያወጡት ቀጥቃጮች ናቸው። ሙያቸው ሁሉም የሚፈልገው ሆኖ ሳለ ባለሙያዎቹ ለረጅም ጊዜ ሲናቁና በቡዳነት ሲታሙ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ከሥራው የተነሣ መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር።

የታንኳ ቢላዋ የሚያዝ ሰው ቅርጹን በካርቶን ቆርጦ በልኩ ቢያመጣ ከብዙ ገለጻ ይድናል። በካርቶኑ ላይ የሚታዩት የስለቱ ርዝመት፣ የጎበጠው ጀርባና የጥርሱ ቦታ ናቸው። የብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ መድረስና ከተነከረ በኋላ ተመልሶ መሞቁ ግን ካርቶን ላይ አይታዩም፤ በቃል መነገር አለባቸው። ከተረከቡ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና ዳር ላይ ነው፤ እርጥብ የፕላስቲክ ገመድ ሳይወጠር፣ በቀኝም በግራም እጅ፣ ዓይን ተጨፍኖ ቢላዋውን ከአፎቱ ከማውጣት ጀምሮ እስኪቆረጥ ይሞከራል። በሁለት ወይም በሦስት ስበት ካልቆረጠ ጥርሱ እንደገና ይሞረዳል።