የኤንግልሃርዲያ ዛፍና የስሙ ታሪክ

በጃቫ ደሴት ዝናባማ ደኖች ውስጥ ከዋልነት ወገን የሆነ፥ ቁመቱ ከ30 ሜትር ሊያልፍ የሚችል አንድ ዛፍ ይበቅላል። ትንሿ ፍሬው በሦስት የተከፈለ ክንፍ ስላላት ነፋስ ይዟት ይሄዳል። ዛፉ ኤንግልሃርዲያ ይባላል፤ ስሙም ከሰው ስም የተወሰደ ነው።

በ1803 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሌሼኖ የተባለ ፈረንሳዊ የዕፀዋት መርማሪ በሕመም ምክንያት ከመርከብ ጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጃቫ መጣ። በሰማራንግ ተቀምጦ ይገዛ የነበረው ሆላንዳዊው አገረ ገዥ ኒኮላውስ ኤንግልሃርድ በክብር ተቀበለው፤ ለምርምሩም ረዳው። እንግዳውም ውለታውን ሳይረሳ ዛፉን በአስተናጋጁ ስም ሰየመው።

ዳሩ ግን ያው አገረ ገዥ በ1804 የሲንጎሳሪን ቤተ መቅደስ የድንጋይ ምስሎች አስነሥቶ የአትክልት ቦታው ጌጥ አደረጋቸው። በ1808 ግዛቱ ሲፈርስ ሹመቱ ቀረ፤ ምስሎቹም በኋላ ወደ ሆላንድ ተሻገሩ። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ2023፥ ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ወደ ኢንዶኔዢያ ተመለሱ።

አንባቢ ሆይ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ዛፉና ድንጋዩ ግን ሌላ ይመሰክራሉ፤ ሹም የሰጠው በስሙ ይኖርለታል፥ የወሰደው ግን ዘግይቶም ቢሆን ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።