በደብረ ታቦር አገር ሕፃናት ቋንቋ ስለሚማሩበት መንገድ

በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ሲሰጥ የኖረው የቤተ ክህነት ትምህርት ብዙ ጊዜ ተነቅፏል። ነቃፊዎቹ፣ ሕፃኑ የማያውቀውን ቃል ሲያነበንብ ዓመታት ያልፉበታል ይላሉ። ነቀፌታው በከፊል እውነት ነው። እኛ ግን ሕፃኑ በገዛ ፍላጎቱ ቋንቋ የሚማርባቸው ሁለት ቦታዎች መኖራቸውን፣ አንደኛውም በዚያው በተነቀፈው ትምህርት ውስጥ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድመን ንባብ ቤትን እንመልከት። ሕፃኑ «ሀ ሁ»ን በመደዳው ይቆጥራል። መደዳውን በቃሉ ስለሚይዘው ፊደሉን ሳያይ ሊጠራው ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ወደ አቡጊዳ ያሻግረዋል፤ በዚያ የፊደሉ ተራ ስለሚለወጥ ሳያዩ መጥራት አይቻልም። ብልኀቱ በእውነት የሚደነቅ ነው። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስና ዳዊት ይከተላሉ፤ ሁለቱም በግዕዝ ናቸው፤ ልጁ በቤቱ የሚናገረው ግን አማርኛ ነው። ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ ያደረጉት የዐፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ.ም.) ዜና መዋዕል እንኳ በአማርኛ ሲጻፍ፣ የሕፃኑ ንባብ በግዕዝ ቀጠለ።

ይኸው ልጅ ነሐሴ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው በዓል የቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ታቦር፣ የሕዝብ ስሙ ቡሄ ነው። ወንዶች ልጆች ጅራፍ ገምደው፣ ከመካከላቸው አውጪ መርጠው፣ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ። አውጪው የባለቤቱን ስምና ማዕርግ ማወቅ አለበት፤ ስሙን በግጥሙ ውስጥ አግብቶ ቤት ማስመታት፣ ሙልሙሉ ቢዘገይ በቀልድ መውቀስ፣ ሲሰጥ መመረቅ የእርሱ ፈንታ ነው። ቤት ካልመታ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ይህን ሁሉ ያለ አርጩሜ ተማረው። (ሴቶች ልጆች ደግሞ በዘመን መለወጫ አበባየሆሽ አላቸው።)

ሁለተኛው ቦታ ቅኔ ቤት ነው። አገሩ ይልቁንም በዜማ ትምህርት፣ በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት፣ በደብረ ታቦር አቋቋም የታወቀ ነው፤ ለጉዳያችን ግን የሚበልጠው ቅኔው ነው። ተማሪው የግዕዝን ግስ እያጠና ወዲያው ከራሱ እንዲያወጣ ይጠየቃል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ብቻውን ዱር ገብቶ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል። ያየውን ዛፍ፣ የቀመሰውን ረኀብ ሰም አድርጎ ወርቅ ይፈልግለታል። በንባብ ቤት ድምፅ ብቻ የነበረው ግዕዝ በዚህ የሚፈልገውን የሚናገርበት ቋንቋ ሆነ። በእኛ አስተያየት፣ የቡሄው አውጪና የቅኔው ተማሪ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። ቅኔ የሚመጣው ከንባብ በኋላ ነው፤ ብዙው ልጅ ግን ዳዊት ደግሞ፣ አንዳንዱም ሳይደግም፣ ወደ እረኝነቱና ወደ እርሻው ይመለስ ነበር። ግዕዝን እንዳነበበው እንጂ እንዳልተናገረው ቀረ፤ በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ ግን በአማርኛ ይገጥም ነበር።