ከመርከቧ ሆድ የሚወጣ ታሪክ

በደላንታ፣ ወገል ጤና ውስጥ የወፍጮ ሞተር አልነሳ ሲል የሚጠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ሙያውን የለመዱት ምጽዋ፣ «ኢትዮጵያ» በተባለችው የጦር መርከብ ሞተር ክፍል ነው።

የመርከቧ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ከመርከቧ ወለል በላይ ስላለው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በየዓመቱ ምጽዋ ወርደው የባሕር ኃይል ቀንን ሲያከብሩ የአሜሪካ፣ የሶቪየት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች አንድ ወደብ ላይ ይቆሙ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አዛውንቱን ስለዚያ ቀን ጠየቅኳቸው።

«እኔ ታች ነበርኩ» አሉ። «ባሕር ላይ ኖርኩ እንጂ ባሕሩንስ ብዙም አላየሁት። ብርድ ለለመደ የደላንታ ልጅ የምጽዋ ሙቀት ብቻውን ይበቃው ነበር፤ የሞተሩ ደግሞ ተጨመረበት። ጆሮዬ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም።»

መርከቧ ራሷ የታች ሠራተኛ ሆና ነው የተፈጠረችው። አሜሪካኖች በ1936 ዓ.ም. «ኦርካ» ብለው ሥራ ሲያስጀምሯት የባሕር አውሮፕላኖች ደጋፊ ነበረች፤ ውሃ ላይ ለሚያርፉት አውሮፕላኖች ነዳጅ ትሰጣለች፣ ትጠግናለች፣ ሠራተኞቻቸውን ታበላለች፣ ታሳድራለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ ድረስ ዘምታለች። በጥር 1954 ዓ.ም. በውሰት ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ በግዢ የእኛው ሆነች። 95 ሜትር ያህል ርዝመት ስለነበራት ከባሕር ኃይላችን ትልቋ እሷ ነበረች፤ የእጩ መኮንኖች ማሠልጠኛም ሆነች። ደጋፊዋ ከእኛ ዘንድ አውራ መሆኗ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ደላንታ ለባሕረኛ እንግዳ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ የእንግሊዝ ባሕረኞች ሮኬታቸውን በበቅሎ ጭነው ከዙላ እስከዚህ አምባ ወጥተዋል። የበሽሎን ወንዝ ተሻግረው የተኮሱት እሮጌ ላይ ነው። አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ታዲያ በቅሎዎቹን ማን ጫናቸው?» አሉኝ።

የ«ኢትዮጵያ» ፍጻሜ አጭር ነው። አብዮቱ የባሕር ኃይሉን ምክትል አዛዥ ልዑል እስክንድር ደስታን በኅዳር 1967 ዓ.ም. ቢገድልም መርከቧ ሥራዋን አላቆመችም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ተያዘች። በቀጣዩ ዓመት ደርግ ሲወድቅ መርከቧ ወደ የመን ሸሸች፤ እዚያው ቆማ ከርማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጠች። አዛውንቱ በዚያ ሽሽት አልነበሩም፤ ቀደም ብለው አገራቸው ገብተው ነበር።

የባሕር ኃይሉን መልሶ ለማቋቋም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት መፈረሙን በሬዲዮ ሰምተዋል። ስለ ወደቡም ስለ መርከቡም ያሉት ነገር የለም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሞተረኛ ማሠልጠን ጀምረዋል ወይ?»