የአትክልተኛው ማሰሮና የሲሚንቶ ታሪክ

ሲሚንቶ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ ፎቅ፥ ወደ ድልድይና ወደ ግድብ ነው። ይህም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ የመረመረ ሰው፥ ዛሬ ፎቁንና ድልድዩን የተሸከመው አርማታ ከተወለደባቸው ስፍራዎች አንዱ የአንድ አትክልተኛ የአበባ ማሰሮ መሆኑን ሲያገኝ ይደነቃል። ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ይህን ታሪክ የመረጥሁት፥ በትርፍ ጊዜ በእጅ የሚሠራ ትንሽ ነገር የማይናቅ መሆኑን ስለሚያስረዳን ነው።

የጥንት ሮማውያን ኖራን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ቀላቅለው ድንጋይ የሚያክል ግንብ ይሠሩ ነበር። በሮም ከተማ የሚገኘው የፓንቴዎን ጉልላት ወርዱ 43 ሜትር ያህል ሲሆን፥ አንድም ብረት ሳይገባበት 1,900 ዓመት ገደማ ቆሟል። በአገራችንም በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ፋሲል በጎንደር ያሳነጹት ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው። ዛሬ የምናውቀው ሲሚንቶ ግን የመጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ዓ.ም. ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር አንድነት አቃጥሎና ፈጭቶ ባገኘው ብልኃት ነው። መልኩ ፖርትላንድ በሚባል ስፍራ የሚገኘውን ድንጋይ ስለሚመስል «ፖርትላንድ ሲሚንቶ» ብሎ ሰየመው።

ከዚህ በኋላ ዦዜፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ ተነሣ። ይህ ሰው ዛፍ የሚተክልበት የእንጨት ገንዳ እየበሰበሰ፥ የሸክላውም ማሰሮ እየተሰበረ ቢያስቸግረው፥ የሽቦ መረብ አበጅቶ በሲሚንቶ ለሰነው። ሲሚንቶ ጫናን ይችላል፥ ሲለጠጥ ግን ይሰነጠቃል፤ ብረት ደግሞ መለጠጥን ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ። ሞኒዬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. ለማሰሮው የፈጠራ መብት ተቀበለ፤ በ1875 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ብልኃት ሻዝሌ በሚባል ስፍራ ድልድይ ተሠራ። ከማሰሮ ተነሥቶ ወደ ድልድይ ደረሰ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሲሚንቶ ሥራ ታሪክ በግንበኞቻችን አፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሲሚንቶ፥ ፌሮ፥ አርማታ፥ ሊሾ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተቋቋመው በጣልያን ወረራ ዘመን ሲሆን፥ የአዲስ አበባው ፋብሪካ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተከተለ። እኛ ባለንበት በኢሉባቡር ግን ሲሚንቶ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ነውና፥ በመቱም ሆነ በጎሬ፥ በበደሌም ሆነ በያዩ፥ የአገሩ ሰው ለብዙ ዘመን ቤቱን የሠራው በእንጨትና በጭቃ ነው።

ከቁሳቁሱ ይልቅ የእጅ ሥራን ወደ ኋላ ያስቀረው ንቀት ነበረ። ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፥ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን መስደብ እንደ ጨዋነት ይቈጠር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ንቀቱ ግን ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይቻልም።

ይህንም ያወቅሁት በራሴ ነው። ባለፈው ዓመት በጓሮአችን የአበባ ማሰሮ ልሠራ ብዬ አንድ ትልቅ ጣሳ ውስጥ ትንሽ ጣሳ አቁሜ፥ በመካከላቸው የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል ሞላሁ። በማግሥቱ ከቅርጹ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ባሰጣው፥ በሦስተኛው ቀን ከሁለት ተሰነጠቀ። ጐረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ከሥራ ሲመለሱ አይተው ቆሙ። እጃቸው በሲሚንቶ የተበላ ስለ ነበረ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰላምታ ሰጡኝ። «ጋሼ፥ ለምን ተሰነጠቀብኝ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ሲደርቅ አይደለም፥ ሲጠጣ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዱቄቱ ድንጋይ የሚሆነው ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ውኃው ቶሎ ከተነነ ውሕደቱ ይቋረጣል። እኔ ግን እኒህን ሰው ለብዙ ዓመት በደጃችን ሲያልፉ ሳያቸው፥ ከእርሳቸው የምማረው ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያስተማሩኝ ይህ ነው። መሣሪያው ማንካ፥ ባልዲ፥ ወንፊት፥ ብሩሽና አሮጌ ጣሳ ነው። የወንዝ አሸዋ በጠርሙስ ውኃ ተበጥብጦ ሲቀመጥ ብዙ ጭቃ ከላይ ከተኛ፥ አሸዋው መታጠብ አለበት። ለማሰሮ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር በደረቁ ይቀላቀላል፤ ውኃ የሚጨመረው በጥቂቱ ነው፥ ውኃ ሲበዛ ጥንካሬው ይቀንሳልና። ቅርጹ እንዳይጣበቅ ዘይት ይቀባል፤ ቀጭን የሽቦ መረብ በመካከል ይገባል፤ ውኃ እንዲወርድ ታችኛው ወገን በእንጨት ይበሳል። ጌጥ ለማውጣት ቅጠል እርጥቡ ላይ ተጭኖ ቢነሣ ሥሩ ሳይቀር ይታተማል፤ ጥቂት ጠጠር ጨምሮ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በብሩሽና በውኃ ቢታጠብ ደግሞ የጠጠሩ ኅብር ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥብ ሆኖ መቈየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀን ያህል ይፈልጋል። የአገራችን ዝናብ ለዚህ ወዳጅ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ገጹን እንዳያጥበው በኮባ ቅጠል ይሸፈናል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ማድረግ፥ ከአቧራውም አፍንጫን መሸፈን ይገባል።

ሁለተኛው ማሰሮዬ አልተሰነጠቀም። እናቴ ጤና አዳም ተክላበት በደጃፋችን ቆሟል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ ከግንብ ሥራ የተረፈች አንዲት ጣሳ ሲሚንቶ እንኳ ለትምህርት ትበቃለች። የኬሚስትሪ መምህራችን በክፍል የሚያስረዱንን ግንበኛው በእጁ ያውቀዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው፤ ይህም የሚጀመረው ክንዱን ዘርግቶ ሰላም የሚለንን ሠራተኛ በአክብሮት ቆመን ስንጠይቅ ነው።