ከፋቂ ቤት እስከ እሽቅድምድም መኪና፤ የሞተር ዘይት ከልካይ ታሪክ ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ አንጻር

ይህ አጭር ጥናት የሚመለከተው ዘይት ከሞተር ወደ ውጭ እንዳይፈስ የሚከለክለውን ትንሽ ቀለበት ነው። የጋራዥ ሠራተኞቻችን ከጣሊያንኛ በወረሱት ስም «ፓራኦሊዮ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ዘይት ከልካይ ማለት ነው። ነገሩ ለመካኒክ እንጂ ለታሪክ ተማሪ የማይገባ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የዚህን ቀለበት የትውልድ ሐረግ ወደ ኋላ ስንከተል የደረስነው ከብረት ማቅለጫ ሳይሆን ከቆዳ ፋቂ ቤት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የሚገኙትን የጋይንትን፥ የስማዳንና የእስቴን የእጅ ሥራ ታሪክ የሚነካ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድመን የቀለበቱን ሥራ እንግለጽ። በሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ ኃይሉን ለፍሪሲዮንና ለካምቢዮ ለማስረከብ ከሞተሩ ቤት ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። ዘንጉ ይወጣል፤ ዘይቱ ግን መቅረት አለበት። ቀለበቱ ዘንጉን አጥብቆ ቢያንቀው በሰበቃ ይቃጠላል፤ ቢላላ ያፈሳል። ከንፈሩ የሚያርፈውም በደረቅ ብረት ላይ ሳይሆን እጅግ ስስ በሆነ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፤ ዘይቱን የሚከለክለው ራሱ በዘይት ረጥቦ ነው።

በእሽቅድምድም መኪና ይህ ችግር እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ በደቂቃ 7000 ጊዜ ቢዞር፥ ከንፈሩ የሚነካው የብረት ገጽ በሴኮንድ 33 ሜትር ያህል፥ ማለትም በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ያው ዘንግ በጭነት መኪና ላይ 2500 ጊዜ ቢዞር ፍጥነቱ በሴኮንድ 12 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከፒስተኑ ጎን ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ የሞተሩን ቤት ከውስጥ ይገፋዋል፤ ሙቀቱም ከንፈሩን ያደርቀዋል። ባለቤቱ መኪናውን ለወራት ሸፍኖ ሲያቆመው ደግሞ ከንፈሩ ዘይት አጥቶ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ በታየው በእንግሊዙ የጃጓር ኤክስኬ ሞተር ላይ የኋላውን ጫፍ ይጠብቅ የነበረው በዘንጉ ላይ የተቀረጸ ጠምዛዛ ቦይ ነበር። ዘንጉ ሲዞር ቦዩ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመልሳል፤ ሲቆም ግን መላሽ የለውም። እጅግ የተመሰገነ መኪና በቆመበት ወለል ላይ ጠብታ ትቶ መሄዱ ከዚህ የተነሣ ነው። በቅርቡ ዘመንም ፖርሽ ከ1996 ጀምሮ ለቦክስተርና ቀጥሎም ለ911 ባቀረበው ሞተር ላይ የኋላው ቀለበት ማፍሰስ በባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ጣጣ ነበር።

አሁን ወደ ትውልዱ እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ስለሚንጠባጠብ ዘይት ብዙ አይጨነቁም ነበር፤ በኋላም መከልከያው የተደፈደፈ ሱፍ፥ ገመድና ቆዳ ሆነ። በአሜሪካ የቆዳ ቀለበት ከሠሩት አንዱ ሺካጎ ራውሃይድ የሚባለው ኩባንያ ሲሆን፥ እርሱም በ1878 ሲቋቋም ሥራው ለፋብሪካ የሚሆን የቆዳ ቀበቶ መሥራት ነበር። በጀርመን ደግሞ ፍሮይደንበርግ የሚባለው ድርጅት በ1849 በቫይንሃይም ከተማ የተመሠረተ ቆዳ ፋብሪካ ነበር። ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ወዲህ የቆዳ ገበያ ሲጠብበት ከቆዳው ዘይት ከልካይ ቀለበት መሥራት ጀመረ፤ ይህንም በመሐንዲሱ በቫልተር ሲመር ስም «ሲመሪንግ» አለው። ሰው ሠራሽ ጎማ የቆዳን ቦታ መያዝ የጀመረው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ታላቅ ሙቀት የሚችለው ቫይተን የተባለው ጎማ ለገበያ የቀረበው በ1957 ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይነሣል። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴም ቆዳ ማልፋት ጥንታዊ ሥራ ነው። እህል የሚጫንበት አቁማዳ፥ ስልቻው፥ ጠፍሩ፥ የደጋው ሰው ደበሎ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን በዚሁ አገር ቆዳ የሚፍቁ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ብራና ፋቂ ነው። ጋይንት የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ የሚገኙባት አገር ስለ ሆነች ብራና ፋቂው ብዙውን ጊዜ ከካህናቱና ከደብተሮቹ ወገን ነበር፤ ሥራውም ክብሩን አይቀንስበትም። ሁለተኛው ቆዳ አልፊው ነው፤ እርሱ ያለ ቅጽል «ፋቂ» ተብሎ ይሰደባል። ግሡ አንድ ነው፤ ፋቀ። አንዱን ያከበረው ሌላውን አዋረደው።

በእውቀት ረገድ ሲመረመር ግን ፍርዱ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። ብራና ተወጥሮ የደረቀ እንጂ የለፋ ቆዳ አይደለም፤ ውኃ ሲነካው ይበላሻል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቆዳ እንዲተጣጠፍ፥ እርጥበት እንዲችልና ቅባት ጠጥቶ እንዲይዝ የሚያደርገው የተሰዳቢው ፋቂ ጥበብ ነው። የአውሮፓው የቆዳ ቀለበትም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ከመገጠሙ በፊት ዘይት ወይም ሰም ይጠጣ ነበርና።

መንግሥት ጉዳዩን አላየውም ማለት አይቻልም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ፋቂውን በሥራው መስደብ ከለከሉ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። የዚያን ዘመን መኪኖች ፍሪሲዮናቸው ሳይቀር ብዙውን ጊዜ በቆዳ የተለበጠ ነበር። አዋጁና መኪናው በአንድ ዓመት ሲገናኙ፥ አንዱ ለሌላው ምን እንደሚጠቅም ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለንም። ከዚያ አስቀድሞ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴቫስቶፖል በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የእጅ ሠራተኛ በንጉሥ ዘንድ ዋጋ አግኝቶ ነበር፤ ግን የንጉሡ ሞት ሥራውን አቋረጠው።

የሞተር መንገድ ለአገሩ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1964 ዓ.ም. ከቻይና ጋር ከተደረገው ስምምነት በኋላ ከወረታ ወልድያ የሚያደርሰው መንገድ በደርግ ዘመን ተሠርቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አለፈ፤ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ከዋናው መስመር ወጣ ብለው ቀሩ። ጉና 4100 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፥ የአየሩ መሳሳት ዘይቱን ከሞተር ያስወጣዋል ብሎ የሚገምት ይኖራል። ይህ ልክ አይደለም፤ የሞተሩ ቤት መተንፈሻ ስላለው ውስጡና ውጭው አብረው ይስተካከላሉ። የዚህ አገር እውነተኛ ጠላት የጠጠር መንገድ አቧራ ነው፤ ከከንፈሩ ሥር ገብቶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይቦረቡረዋል።

ለዚህም ነው የቆዳ ቀለበት ዛሬም ፈጽሞ ያልጠፋው። ለእሽቅድምድም ሞተር አይሆንም፤ ሙቀቱና ፍጥነቱ ያቃጥሉታል። ነገር ግን ዘንጉ ዝግተኛ፥ ገጹ የሻከረ፥ ዘይቱ ጥቂት፥ አቧራው ብዙ በሆነበት ማሽን ላይ፥ ጎማ ቶሎ ሲበላ በዘይት የራሰ ቆዳ ይቆያል።